የጳጉሜን 6 በግ፦ የሶፍትዌር ጉዳዮችን ከተርሚናል መከታተል

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከተማው ዶሮና በግ ይዞ ይሯሯጣል። እኛም ግማሽ ቀን ሠርተን ልንበተን ተስማምተናል። ቢሯችን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምስት ነን። ለፋርማሲዎች የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራለን።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ፋርማሲ ያላቸው ደንበኛችን ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ስማ ልጄ፣ ደረሰኙ እኮ መስከረም 1 ነው የሚለው። እናንተ ቤት እንቁጣጣሽ ዛሬ ገባ እንዴ?»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ላብ ላብ አለኝ።

ኮዱን ከፈትኩ። ችግሩን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ መስመሩን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር። በስሌት ስናስቀምጠው፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ናት። እጄ የለመደው ግን የፈረንጆቹን ነው። «ቀሪው 0 ከሆነ» ብዬ ጽፌ ሄጃለሁ። ስለዚህ ፕሮግራማችን 2015ን ጳጉሜን 5 ላይ ዘጋውና አዲሱን ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ጀመረ። ባይታረም ኖሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እየቀደመ ይሄድና፣ በ2016 መጨረሻ ላይ የሌለች ጳጉሜን 6 ፈጥሮ ራሱን ያስተካክል ነበር። ለሦስት ዓመት እንደገና ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ነው የሚያስፈራኝ።

አስተካክዬ ላክሁ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «በጉ ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። እኛ ሠፈር የፕሮግራም ስህተት «በግ» ነው የሚባለው፤ ከእንግሊዝኛው bug የመጣ ነው። ስልክ የምታነሳው ልጅ ከሩቅ ሰምታ «በስንት ገዛችሁት?» አለች። በዋዜማው ቀን ማን ይፈርድባታል?

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። የይቅርታ መልእክት ልጽፍ ቴሌግራም ግሩፓችንን ስከፍት ግን የጋሼን ፋርማሲ ስም ፈለግሁ። ሐምሌ ላይ አንድ ፎቶ ተልኳል። ገንዘብ ተቀባይዋ የዱቤ መክፈያ ቀን ጳጉሜን 6 ብላ ስትሞላ ፕሮግራሙ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ መልሶባታል። ስክሪኑን አንስታ ላከችልን። ከሥር አንዱ አውራ ጣት ሰጥቷል። ቀጥሎ ያለው የአንዳችን እህት የሰርግ ፎቶ ነው። ከዚያ ምርቃት፣ ከዚያ እልልታ። ከዚያ ዝም።

ያው አንድ መስመር ነው ያኔም የጮኸው። ሁለት ወር ሙሉ ነበረን።

ከበዓሉ በኋላ ቁጭ ብለን ቆጠርን። አንድ ደንበኛ የነገረን ችግር አራት ቦታ ሊገኝ ይችላል። ቴሌግራም ላይ፣ ስልኩ አጠገብ ባለው ደብተር ላይ፣ ማንም በማያድሰው የኤክሴል ፋይል ላይ፣ ወይም አንዳችን ጭንቅላት ውስጥ። አራተኛው ከሁሉም ይበዛል። ባለቤቱ ፈቃድ ሲወጣ አብሮት ይወጣል።

ጉዳይ መከታተያ፣ ማለትም ችግሮችን መዝግቦ እስኪዘጉ የሚከታተል ፕሮግራም፣ ሞክረን አናውቅም ማለት አይደለም። በብሮውዘር የሚከፈት አንድ ቆንጆ ነገር ነበረን። ሰሌዳ አለው፣ ካርድ አለው፣ ቀለም አለው። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አይከፍተውም ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልተመራመርንም። የእኛ ሥራ ቀኑን ሙሉ ተርሚናል ውስጥ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ጥቁር ስክሪን ላይ ነው። ኮዱ እዚያ፣ ሙከራው እዚያ፣ የኮዱን ለውጦች ታሪክ የሚይዝልን ጊት እዚያ። ብሮውዘሩን ከፍቶ፣ ገብቶ፣ ገጹ እስኪመጣ ጠብቆ «ይህን ጨርሻለሁ» ማለት ትንሽ ሥራ ይመስላል። በቀን አሥር ጊዜ ሲሆን ግን ሰው ይተወዋል።

ሌላው ኢንተርኔቱ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። ራውተሩ ግን ወዲያው ነው የሚሞተው። መንገዱ ሲቆፈርም መስመሩ የተቆረጠበት ሳምንት ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ኮድ መጻፍና ኮሚት ማድረግ (ለውጡን ጊት ውስጥ መመዝገብ) ይቻላል፤ ጊት ሙሉ ታሪኩን እያንዳንዳችን ማሽን ላይ ስለሚያስቀምጥ ሰርቨር አይጠይቅም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) ሲሠራው ዓለም ዙሪያ የተበተኑ ሰዎች ያለ አንድ ማዕከል እንዲሠሩበት አስቦ ነው። እኛ ለመብራት መጥፋት ተጠቀምንበት።

እዚህ ላይ ከመካከላችን ታናሹ ልጅ አንድ ጥያቄ አነሳ። «ጊትሃብ ላይ ኢሹ አለ አይደል? ክሎን ሳደርግ አብሮ አይመጣም?» አይመጣም። ብዙ ሰው ይህን ያምታታዋል። ጊትሃብ የጊት ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው፤ ኢሹ የሚባለው እዚያ የሚመዘገበው ጉዳይ ነው። ክሎን ስታደርግ (ወደ ራስህ ማሽን ስትገለብጥ) የሚመጣው ኮዱና ታሪኩ ነው። ኢሹዎቹ ጊትሃብ ሰርቨር ላይ ባለ ዳታቤዝ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የመጀመሪያውን ሙሉ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ አወጣ። በእሱ ከተርሚናል ሳይወጡ ኢሹ መክፈት፣ መዘርዘርና መዝጋት ይቻላል። ለሁለት ሳምንት ተጠቀምንበት፤ ደስ ይላል። ግን ትእዛዙ ከተርሚናል ይጻፍ እንጂ መልሱ የሚመጣው ከዚያው ሰርቨር ነው። ራውተሩ ሲሞት እሱም ይሞታል።

ሁለተኛው የሞከርነው ጊት-በግ የሚባለውን ነው። (ስልክ የምታነሳዋ ልጅ «እሱም በግ?» አለች።) ይህኛው ጉዳዮቹን እዚያው የጊት ማኅደር ውስጥ፣ ከኮዱ ፋይሎችና ከብራንቾች (ጎን ለጎን ከሚሄዱ የኮዱ መስመሮች) ውጭ ያስቀምጣል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መስመሩ ሲመለስ ጉዳዮቹን ለብቻ ፑሽና ፑል ታደርጋለህ (ትልካለህ፣ ትቀበላለህ)። ሐሳቡ ከእኛ ችግር ጋር ልክክ ያለ ነው። ያልወደድነው አንድ ነገር ጉዳዩ በዓይን የሚታይ ፋይል አለመሆኑ ነው። እኛ ደግሞ ከቴሌግራም የሸሸነው የጠፋ ነገር ስላስፈራን ነው። «የት አለ?» ሲባል ጣት ጠቁሞ «ይኸው» ማለት ፈለግን። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ብጀምር እሱን እመርጥ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ወደታች ይገለጻል።

የሠራነው እንግዲህ ይህን ነው። ሪፖው (የኮዱ የጊት ማኅደር) ውስጥ አንድ ፎልደር ከፈትን። እያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከላይ አራት መስመር አለው፦ ሁኔታ፣ ባለቤት፣ ደንበኛ፣ ክብደት። ከሥሩ ነጻ ጽሑፍ። በላዩ ላይ ወደ 90 መስመር የሚሆን የባሽ ስክሪፕት (ተርሚናል ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ጻፍን። አዲስ ጉዳይ ይከፍታል፣ ይዘረዝራል፣ ይፈልጋል፣ ይዘጋል። ሌላ ምንም አያውቅም።

የመጀመሪያው ፋይል የጳጉሜን 6 ጉዳይ ነው። ከታረመ በኋላ ነው የጻፍነው። እንዲህ ይላል፦

ሁኔታ፦ ተስተካክሏል፣ አልተረጋገጠም
ባለቤት፦ እኔ
ደንበኛ፦ የተክለ ሃይማኖቱ ፋርማሲ
ክብደት፦ ከባድ
በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን መሆኗን አያውቅም። ደረሰኝ አንድ ቀን ይቀድማል። የዱቤ ቀን ሲሞላ «የተሳሳተ ቀን» ይላል። ሁለቱም ከአንድ መስመር ነው የመጡት።

መሣሪያው ቀላል ነው። ያስቸገረን እኛ ያላሰብናቸው ትንንሽ ነገሮች ናቸው። እነሱን ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ሌላ ሰው ቢሞክር ይጠቅመዋል።

ትእዛዞቹን በአማርኛ ነበር የሰየምናቸው። ያምራል። ግን ከጎኑ ያለው የጊት ትእዛዝ በላቲን ፊደል ነው። ኪቦርድ እየቀያየርን ሦስት ቀን ከሠራን በኋላ ሁላችንም ተማረርን። ለትእዛዞቹ አንድ አንድ የላቲን ፊደል ሰጠናቸው። ይዘቱ አማርኛ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ የፋይል ስሞቹ መጡ። ርዕሱን በአማርኛ የፋይል ስም አድርገን ነበር። ጊት ሁኔታውን ሲያሳየን ግን በአማርኛው ፈንታ \341\214\211 የሚመስል ቁጥር ደረደረልን። ታናሹ ልጅ ፋይሉ የተበላሸ መስሎት ሊያጠፋው ነበር። አልተበላሸም። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ የሆነ የፋይል ስም ሲያይ ባይቶቹን በስምንት ቤት ቁጥር ይጽፋቸዋል። ከላይ ያለው «ጉ» ነው። ጊት ኮንፊግ ውስጥ ኮር ነጥብ ኮውት-ፓዝ (core.quotePath) የሚባለውን ወደ ፎልስ (false) መቀየር ይበቃል። ስሞቹ በአማርኛ ይመጣሉ። አንድ መስመር ናት፤ እኛ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ዝርዝሩም ተንጋደደ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ነው የሚሰጠው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ስለሚመጣ ሰፋ ይላል፤ ዓምዶቹ ይፈርሳሉ። ፎንት ፍለጋ ሄድን፣ ደከመን፣ ተመለስን። በመጨረሻ የአማርኛውን ርዕስ የመስመሩ መጨረሻ ላይ አደረግነው። ከኋላው የሚገፋው ነገር የለም። ተገላገልን።

ፍለጋው የባሰ ነበር። አንድ ቀን «ሐኪም» ብዬ ስፈልግ ምንም አልመጣም። ጉዳዩ መኖሩን ግን አውቃለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ራሴ አንብቤዋለሁ። የጻፈው ልጅ «ሀኪም» ብሎ ነው የጻፈው። ጽሑፍ የሚፈልግልን ትእዛዝ፣ ግሬፕ፣ ምን ያድርግ? ለእሱ ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ ዐይኑ ዐ እና አልፋው አ፣ ፀሐዩ ፀ እና ጸሎቱ ጸ እንዲሁ። ማን በየትኛው ይጻፍ የሚለውን ክርክር አንድ ሻይ ሙሉ ተከራከርንበትና ተውነው። በጽሑፉ ላይ አንነካም፤ በሚፈለግበት ጊዜ ብቻ ስክሪፕቱ ሁለቱንም ወደ አንድ ይመልሳቸዋል። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ እያንዳንዳቸው ከነሰባት ቤታቸው 35 ፊደል ናቸው። በተጨማሪ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ጽሑፍ በሚተካው ትእዛዝ፣ በሴድ፣ አንድ ረጅም መስመር ነው። ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው። በኋላ የመድኃኒት ስም ፍለጋው ላይም አስገባነው፤ ደንበኞች ነገሩን ሳንነግራቸው ነው ያስተዋሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ለጉዳዮቹ ተራ ቁጥር ነበር የሰጠናቸው። 1፣ 2፣ 3። በኅዳር አንድ ከሰዓት መብራት ሄደ። እኔ አንድ ጉዳይ ከፈትኩ፤ ስክሪፕቱ ቀጣዩን ቁጥር አይቶ 48 አለው። ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅም አንድ ከፈተ። የእሱም ማሽን 48 አለው። ርዕሳቸው ስለሚለያይ ጊት አልተጣላም። መብራት ሲመጣ ሁለት 48 ይዘን ተገኘን። እኔ «48ን ጨርሻለሁ» አልኩ። እሱ ግን የራሱ 48 መሰለው። ዘጋው። የልጁ ጉዳይ ሳይነካ ተዘጋ።

የቴሌግራሙ ነገር በሌላ በር ተመለሰ ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ያብሰለስለኝ ነበር።

ተራ ቁጥር የሚያድለው አንድ ሰው ሲኖር ብቻ ነው የሚሠራው። ባንክ ቤት ወረፋ ቁጥር የምትሰጠው ማሽን አንድ ናት። ሁለት ቢሆኑና ባይነጋገሩ ጉድ ይፈላል። ጊት-በግ ለዚህ ነው ተራ ቁጥር የማይጠቀመው፤ ከይዘቱ በሚሰላ ረጅም ኮድ ነው የሚለየው። ፎሲል የሚባለውም ተራ ቁጥር አይጠቀምም፤ በዘፈቀደ በሚወጣ ረጅም ኮድ ነው የሚለየው። ፎሲልን የሠራው የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ደራሲ ሪቻርድ ሂፕ ነው፤ ኮዱም፣ ጉዳዮቹም፣ ዊኪውም አንድ ፋይል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሰዎቹ ቀድመው አስበውበታል። እኛ በ48 ተማርነው።

ረጅሙን ኮድ ግን በስልክ ማንበብ አይቻልም። «ሰባት ኤፍ ሦስት» እያሉ ለጋሼ መንገር ያሳፍራል። ስለዚህ ቀን፣ ሰዓትና የጸሐፊውን የስም መጀመሪያ ፊደል አደረግን። 16-03-11-1432-ሰ ማለት በ2016 ኅዳር 11 በኮምፒውተሩ 14፡32 ላይ የተከፈተ ነው። ሰዓቱ በማን አቆጣጠር ይሁን የሚለው አጨቃጭቆናል። በእኛ ስምንት ከሠላሳ ሁለት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን የእኛ ስምንት ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። ተሸነፍኩ። ቀኑን የሚያሰላው ያው የታረመው የጳጉሜን ኮድ ነው። እሱ ከተሳሳተ የራሳችን መዝገብ ቀድሞ ይጮሃል።

ሁለተኛው ራስ ምታት ብራንች ነው። ጉዳዩ ከኮዱ ጋር አንድ ላይ ስለሚኖር ከብራንቹ ጋር ይሄዳል። ልጁ በራሱ ብራንች ላይ አዲስ ጉዳይ ከፈተ፤ መርጅ እስኪደረግ (ከዋናው ጋር እስኪዋሃድ) አሥር ቀን ማንም አላየውም። ጥሩ ጎንም አለው፤ ማስተካከያውና «ተዘግቷል» የሚለው ቃል አንድ ኮሚት ውስጥ ናቸው፤ ማስተካከያው ያልደረሰበት ብራንች ላይ ጉዳዩም ክፍት ነው። ይህ ለእኔ ውብ ነው። ግን ያልታየ ጉዳይ ይበልጥ አስፈራን። ጉዳዮቹን ለብቻቸው ወደሚቆሙበት ብራንች አወጣናቸው። በጊት ወርክትሪ ሌላ ፎልደር ላይ ሁልጊዜ ተከፍቶ ይቆያል። ውበቱን ከፈልን። ይህንንም ጊት-በግ ከመጀመሪያው ፈትቶታል። ዛሬ ብጀምር ያልኩት ለዚህ ነው።

ኮሚት ሲደረግ የጉዳይ ቁጥር ከሌለው የሚከለክል ሁክ (በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፍተሻ) አስገብተን ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዱ 00-00-00-0000-ሀ እያለ ማለፍ ጀመረ። ማን እንደሆነ አልናገርም። እኔ ነኝ። አሁን ሁኩ ያስጠነቅቃል እንጂ አይከለክልም።

የቀረችው ስልክ የምታነሳዋ ልጅ ናት። ከደንበኛ የሚመጣው ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ተርሚናሉን ላስተምራት ሞከርኩ። ጥቁሩን ስክሪን አየችና «ይህ ነገር ከተሳሳትኩ ምን ያጠፋል?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሐቀኛ መልስ ሰጠኋት። ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

እኔም አልገፋኋትም። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቡና ይፈላል። ቡናው እስኪደርስ አንዳችን ላፕቶፕ ይዘን አጠገቧ እንቀመጣለን። እሷ ከደብተሩ ታነባለች፣ እኛ እንጽፋለን። መጀመሪያ ጊዜያዊ መላ ነበር። ስንጽፍ ግን መጠየቅ ግድ ነው። የትኛው ስክሪን ላይ? ምን ብሎ መለሰ? ስንት ሰዓት ላይ? መልሱን ካላወቀች እዚያው ደውላ ትጠይቃለች። ቴሌግራም ላይ የመጣው የጋሼ ገንዘብ ተቀባይ ፎቶ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ነበር ያጣው። ልጅቷ አሁን ስልክ ላይ እያለች ራሷ ትጠይቃለች። «ደረሰኙ አልወጣም» የሚለው ማስታወሻዋ «የዱቤ ሽያጭ ላይ፣ ሁለተኛው ማተሚያ፣ ወረቀት ከተቀየረ በኋላ» ሆኗል።

ቅዳሜ ቡና የለም። የቅዳሜ ጥሪዎች እስካሁን ሰኞ ድረስ ደብተር ላይ ይቆያሉ። ሁለቴ ሰኞም ረስተናቸዋል። ይህን አልፈታነውም።

በ2016 መጨረሻ ጳጉሜን 5 ማታ አምሽቼ ጠበቅሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን የሙከራው ደረሰኝ መስከረም 1 ቀን 2017 አለ። የሌለችው ጳጉሜን 6 አልመጣችም። ከበዓሉ በኋላ ጠዋት ደስ ብሎኝ የመጀመሪያዋን ፋይል «ተዘግቷል» ልላት ስል ልጅቷ ከቡናው ጋር መጣች።

«ቆይ፣ ጳጉሜን 6 በእውነት ስትመጣ አይታችኋታል?»

አላየንም። የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ፣ በ2019 ነው። ፋይሏ አሁንም ከዝርዝሩ አናት ላይ አለች። ሁኔታ፦ ተስተካክሏል፣ አልተረጋገጠም። «ባለቤት» የሚለው ላይ ግን ስሜን አስነሥታ የራሷን አስጽፋበታለች።